ፊንላንድ ደርሶ የተመለሰ ማህተም

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን በስልክ የነገረኝ ጌታሁን ነው። መጀመሪያ ድምፁ ተቆራረጠብኝና የሚያለቅስ መሰለኝ። «አይዞህ፣ ምን ሆነህ ነው?» ስለው «እትዬ አስካለ ዐረፉ» አለና እንደገና ትንፋሽ አጠረው። ያን ጊዜ ነው እየሳቀ መሆኑ የገባኝ።

«ምን ያስቅሃል አንተ?»

«ይቅር ይበለኝ ሰናይት። ዜናውን ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ምን መሰለሽ? ‹ማህተሙን አስረክበው ይሆን?› የሚል ነው።»

እኔም ሳቅሁ። ለብቻዬ ደህና አድርጌ ያለቀስኩት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ጌታሁን ከመዝጋቱ በፊት ግን ሥራ ሰጥቶኝ ነበር፦ ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ቂርቆስ ነው፣ የሕይወት ታሪካቸውን እኔ እንድጽፍ ቤተሰቡ ጠይቋል፣ ከአንድ ገጽ ግን እንዳይበልጥ። አንድ ገጽ! እትዬ አስካለን በአንድ ገጽ! ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ወለዱ፣ ሠሩ፣ ዐረፉ ብዬ ገጹን ሞላሁት። ከገጹ የተረፈው ይኸው ነው።

እትዬ አስካለ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ዛሬ መስታወት በመስታወት የሆነ ሆቴል በቆመበት ቦታ ላይ የነበረ የአንድ አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። እኔ እዚያ ሒሳብ አስተምር ነበር፤ ጌታሁን አስተዳደር ክፍል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ይባል እንጂ ሦስት ፎቅና አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ከጎናችን ጋራዥ፣ ከፊታችን ሥጋ ቤት ስለነበረ፣ እኔ ሳስተምር መዶሻና መጥረቢያ እየተቀባበሉ ያጅቡኝ ነበር።

መዝገብ ቤቱ ምድር ወለሉ ላይ ነው። እትዬ አስካለ አጠር፣ ሞላ ያሉ፣ በጋ ከክረምት ሹራብ የማይለያቸው ሴት ነበሩ። ሌላ ሴት ሐብል በምታደርግበት አንገታቸው ላይ፣ ለገሃር ያለ ጫማ ሰፊ የሰፋላቸው ትንሽ የቆዳ ከረጢት ተንጠልጥላለች። በከረጢቷ ውስጥ ያለው የዩኒቨርሲቲው ባለ ብረት እጀታ ክብ ማህተም ነው። በስማቸው ርክክብ ተደርጎ የተሰጣቸው ስለሆነ ከአንገታቸው አይወርድም። ቤተ ክርስቲያን ይዘውት ይሄዳሉ፣ ዕድር ይዘውት ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ትርፍ አንጀት አሟቸው ሐኪም ቤት ሲተኙ፣ ልንጠይቃቸው የሄድን ሠራተኞች ሁሉ በአንድ እጃችን ብርቱካን፣ በሌላው እጃችን ደብዳቤ ይዘን ነበር። ከአልጋቸው ወርደው፣ ቆመው መቱልን። ነርሷ ጮኸችብን እንጂ እሳቸው ቅር አላላቸውም።

ቁጭ ብለው ማህተም መትተው አያውቁም። መጀመሪያ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች ያነባሉ። ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ፊርማውን አንድ በአንድ በጣታቸው ይነካሉ። ከዚያ ይነሡና ማህተሙን ወደ አፋቸው አስጠግተው «ሃህ» ብለው ይተነፍሱበታል። ቀጥሎ ሙሉ ክብደታቸውን ይጥሉበታል፦ ድም! ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። ተማሪዎቼ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው «የአንዱ ጉዳይ አለቀ» ይላሉ።

«ማህተም የሌለው ደብዳቤ ሐሜት ነው» የሚሉት ነገር ነበራቸው። ሐሜት የሚጠሉ ሰው ሆነው ግን አይደለም፤ የአፉን ሐሜትማ እንደ ማናችንም ይወዱት ነበር። በጽሑፍ ሲመጣ ነው የማይወዱት።

በዚህ ጠባያቸው የተቀየሟቸው ሰው ቢኖር ዲናችን ዶክተር ይልማ ነበሩ። አንድ መስከረም ላይ ዶክተር ይልማ ራሳቸው ወደ መዝገብ ቤት ወርደው ደብዳቤ አቀረቡ። እትዬ አስካለ አነበቡት፣ በጣታቸው ነካኩት፣ አልተነሡም።

«ዶክተር፣ ይሄ ደብዳቤ የተጻፈው ዛሬ ነው። ቀኑ ግን ሐምሌ ይላል።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው?»

«ችግርማ የለውም። ሐምሌ ሲመጣ ይዘውልኝ ይምጡ፣ እመታዋለሁ።»

ወረፋ የያዝን ሰዎች ሳቃችንን ለመዋጥ ግድግዳ ግድግዳ አየን። ዶክተር ይልማ ደብዳቤውን አጥፈው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእትዬ አስካለን አንዲት ስሕተት በመጠበቅ ላይ ነበሩ፤ ይህን ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት ቀርቷቸዋል። ባል የላቸውም፣ ሁለት ልጆች ገና ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ጌታሁን «ሦስት ዓመት ብቻ ዝም ይበሉ እባክዎ» ሲላቸው «ዝም ብያለሁ እኮ፣ የሚናገረው ማህተሙ ነው» ይሉት ነበር።

ሚሌኒየሙን ለመቀበል ሁለት ዓመት ግድም ሲቀረን፣ ከፊንላንድ አንድ ዩኒቨርሲቲ የልውውጥ ሐሳብ ላከልን። በየዓመቱ ከእኛ አንድ መምህርና አንድ የቢሮ ሠራተኛ ለሁለት ሳምንት እነሱ ጋ ሄደው ያስተምራሉ፣ ይሠለጥናሉ፤ ከእነሱም ሁለት ሰዎች እንዲሁ እኛ ጋ ይመጣሉ። በስብሰባ ላይ «ጥሩ ሐሳብ ነው» ያልኩት እኔ ስለነበርኩ አስተባባሪ ተደረግሁ። እኛ ጋ ሥራ የሚሰጠው እንደዚያ ነው።

ያን ሰሞን እንደ እኔ የተከበረ ሰው አልነበረም። ዓመት ሙሉ ሰላም ብሎኝ የማያውቅ መምህር በር ይከፍትልኝ ጀመር። ሻይ ቤት ውስጥ ወሬው ሁሉ ፊንላንድ ሆነ። «ፀሐይ የለም አሉ!» ይላል አንዱ፤ «እሱስ ይሁን፣ እንዳይመሽብኝ ብሎ መሮጥ ቀረልን» ይላል ሌላው።

የቢሮ ሠራተኛውን ቦታ ዶክተር ይልማ ለምክትላቸው አስበውት ነበር። የፊንላንዷ አስተባባሪ ሊሳ ግን የዚህ ዓመት ሥልጠና ስለ መዝገብና ሰነድ አያያዝ ስለሆነ፣ ሰነድ የሚይዘው ሰው ራሱ እንዲመጣ፣ አለዚያ ልውውጡ እንደማይጀመር ጻፈችልን። ስለዚህ እትዬ አስካለ ሆኑ። የመምህሩ ደግሞ በዕጣ ይሁን ተባለና ለእኔ ወጣ። ዕጣውን ያወጣሁት እኔ ራሴ መሆኔን ጌታሁን እስከ ዛሬ አይረሳልኝም።

ዜናውን ልነግራቸው ወደ መዝገብ ቤት በረርኩ።

«እትዬ አስካለ፣ ፊንላንድ ሊሄዱ ነው!»

«የት ነው እሱ?»

«ሩሲያ አጠገብ።»

ትንሽ አሰቡና «ማህተሙስ?» አሉ።

ለማህተሙም መላ ተበጀለት። በደንቡ መሠረት ማህተም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው የሦስት ሰዎች ኮሚቴ ተገኝቶ ሲፈርም ነው። ተረካቢው ጌታሁን ይሆናል፤ ከእሱ ሌላ ከንብረት ክፍል አቶ ሙላት፣ ከመምህራን እኔ እንፈርማለን። ቀጠሮው ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ነበር። በረራችን ቅዳሜ ነው።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ካፖርት ልገዛ ሜክሲኮ ወረድኩ። እዚያ ሳልባጅ የሚሸጥ ሰውዬ ሁለት ካፖርት አወጣልኝ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር። የበልጉ ዝናብ ወረደና ታክሲ ጠፋ። እውነቱን ልናገር፤ ዝናቡ ያቆየኝ ግማሽ ሰዓት ነው፣ የቀረውን ያቆየኝ ካፖርቱ ነው። ቀዩን ለብሼ፣ አውልቄ፣ ጥቁሩን ለብሼ፣ እንደገና ቀዩን ለብሼ፣ በመጨረሻ ቀዩን ይዤ ካዛንቺስ ስደርስ ከአሥራ አንድ ተኩል አልፎ ነበር። ዘበኛው ሰው ሁሉ መሄዱን ነገረኝ። «ሁለቱ ፈርመዋል፣ ምን ጎደለ፣ በቃ» ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በማግሥቱ ቦሌ ተገናኘን። እትዬ አስካለ ሦስት ሹራብ ለብሰው በላዩ ላይ ጋቢ ደርበዋል። ፍተሻው ጋ ስንደርስ እኔ አለፍኩ፤ እሳቸው ሲያልፉ መሣሪያው ጮኸ። ጋቢውን አወለቁ፣ ጮኸ። አንዱን ሹራብ አወለቁ፣ ጮኸ። ሁለተኛውን አወለቁ፣ ጮኸ። ፈታሿ ልጅ አንገታቸው ሥር ዳሰሰች።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የመሥሪያ ቤት ነው።»

«ያውልቁትና በማሽኑ ይለፍ።»

«ማን ፈርሞ?»

ልጅቷ ግራ ገባት። እኔ ግን ገባኝ።

«እትዬ አስካለ! ማህተሙ ነው? ይዘውት ሊሄዱ ነው?»

«ታዲያ የት ልተወው?»

«ጌታሁን ጋ ነዋ! ትናንት ርክክብ አልነበረም?»

«ነበር። ጌታሁን መጣ፣ ሙላት መጣ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ሦስተኛዋ ፈራሚ አልመጣችም።» አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «በሁለት ሰው ፊርማ ብሰጥ ሕገ ወጥ ነው። ይዤው ብሄድ ግን ማህተሙ ያለው በተረከበው ሰው አንገት ላይ ነው። እኔ ቦታ ቀየርኩ እንጂ ማህተሙማ ቦታውን አልለቀቀም።»

ለጌታሁን ደወልኩለት፤ አቶ ሙላት ክፍለ ሀገር መሄዱን ነገረኝ። «አንተ ብቻህን ናና ተቀበላቸው» ስለው እትዬ አስካለ ስልኩን ከእጄ ወሰዱና «ጌታሁን፣ ሁለት ሰው ምስክር ነው እንጂ ኮሚቴ አይደለም፣ አትድከም» ብለው ዘጉት። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። በመጨረሻ ፈታሿ፣ አለቃዋና እኔ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ፈረምንና ማህተሙ በማሽኑ ውስጥ አልፎ፣ ሁለት ሜትር ተጉዞ፣ ወደ አንገታቸው ተመለሰ። አለቃዋ ሲፈርም «ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ተሳፋሪ አይቼ አላውቅም» አለ። ሦስተኛዋ ፈራሚ ተገኘች ማለት ነው፤ አንድ ቀን ዘግይታ።

ፊንላንድ በመጋቢትም ነጭ ነበረች። ሊሳ ረጅም፣ ዝምተኛ ሴት ናት፤ ቀስ ብላ ትናገራለች፣ ስትስቅ ግን ቤቱን ታናጋዋለች። የመጀመሪያው ቀን ወደ መዝገብ ቤታቸው ወሰደችን። አራት ሰዎችና አራት ኮምፒውተሮች ብቻ። ፋይል የለ፣ ቁም ሣጥን የለ፣ አቧራ የለ።

«ማህተማችሁን አሳዩኝ» አሉ እትዬ አስካለ፤ እኔ አስተረጎምኩ።

ሊሳ ወደ ኮሪደሩ መራችን። ማህተሙ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ መብራት በርቶበት፣ ለጎብኚ ተቀምጧል። ከተዉት ቆይተዋል። እትዬ አስካለ ፊቱ ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነፍስ ይማር ለማለት ትንሽ ነው የቀራቸው።

«ታዲያ በምን ትተማመናላችሁ?»

«ሰው የጻፈውን አምነን ነው የምንጀምረው» አለች ሊሳ።

«ሲሳሳትስ?»

ሊሳ አንድ ደብተር አመጣች፤ በዚያ ቢሮ ውስጥ ያየነው ብቸኛ ደብተር እሱ ነው። ስሕተት በተፈጠረ ቁጥር ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ እንዳይደገም ምን መደረግ እንዳለበት ይጽፉበታል። እትዬ አስካለ ገጹን እያገላበጡ አንድ ነገር ፈለጉ።

«ስሙስ የት አለ? ያጠፋው ሰው?»

«ስም አንጽፍም።»

«ታዲያ ማንን ትቆጣላችሁ?»

«ማንንም። አሠራሩን እናርማለን።»

ሦስት ጊዜ አስተርጉሚ አሉኝ። ምሳ ላይ ማንኪያቸውን አስቀምጠው «ስም ካልተጻፈኮ ሰው አይደብቅም» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም።

በማግሥቱ ሁለት ኢሜይል ደረሰኝ። አንደኛው የጌታሁን ነው። «ሰኒ፣ እዚህ አልቆልናል» ይላል። «አዲስ ማህተም ለማስቀረጽ ሄድን። የድጋፍ ደብዳቤ አምጡ አሉን። ወሰድን። ‹ማህተም የለውም› አሉን። እሱ ስለሌለን እኮ ነው የመጣነው ስንላቸው፣ ‹አለመኖሩን በማህተም አረጋግጣችሁ አምጡ› አሉን።» ማስረጃ የሚጠብቁ ምሩቃን ኮሪደሩ ላይ ካርታ መጫወት ጀምረዋል። ብቻዬን የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ።

ሁለተኛው የዶክተር ይልማ ነበር። ወይዘሮ አስካለ ማህተም ከአገር በማስወጣትና ሥራ በማስተጓጎል ሲመለሱ ታግደው በዲሲፕሊን እንደሚጠየቁ፣ ውሳኔውም ከሥራ መሰናበት ሊሆን እንደሚችል ይገልጻል። የሚጠብቁትን ስሕተት አገኙ። ወረቀቱን አትሜ የቀዩ ካፖርት ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤ አሥር ቀን ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ጎኔን ሲያሳክከኝ ቆየ። ለእትዬ አስካለ አልነገርኳቸውም። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም።

በሁለተኛው ሳምንት የማስተማር ተራቸው ደረሰ። ሃያ የሚሆኑ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ተሰበሰቡ፤ ነጭ ሽማግሌ የሆኑት ፕሬዚዳንታቸውም መጡ። እትዬ አስካለ ከረጢቷን ከፍተው ማህተሙን ከሩቅ አሳዩና መልሰው ከተቱት። ሰዎቹ ወረቀት እየዘረጉ «እኛም ይመታልን» አሉ።

«አይሆንም። የእኛ ማህተም በእናንተ ደብዳቤ ላይ አያርፍም። ድንች አምጡልኝ።»

ድንች መጣ። ለሁለት ከፈሉና በቢላ ክብ አድርገው ጠረቡት፤ መሐሉ ላይ አበባ የመሰለ ነገር አወጡ። ቀለም ሲጠፋ ሊሳ ከቁርስ ቤቱ የጫካ ፍሬ ማርማላታ አመጣች። ቀለሙ እኛ ቢሮ ካለው ሐምራዊ ቀለም አይለይም። ነገር ግን ባዶ ወረቀት ላይ አይመቱም፤ ሰው ሁሉ ቁጥር፣ ቀንና ጉዳይ ያለው ደብዳቤ መጻፍ አለበት። ሰዎቹ እንደ ፈተና ጎንበስ ብለው ጻፉ። የቤተ መጻሕፍቱ ሰውዬ «ጉዳዩ፦ የጣራችንን ቀዳዳ አለመድፈኔን ይመለከታል» ብሎ ለሚስቱ ጻፈ። ሊሳ ለበረዶው የማመልከቻ ደብዳቤ ጻፈች፣ እንዲያቆም።

ተሰለፉ። እትዬ አስካለ ያነባሉ (እኔ አስተረጉማለሁ)፣ በጣታቸው ይነካሉ፣ ይነሣሉ፣ ድንቹ ላይ «ሃህ» ይላሉ፣ ድም! በየደብዳቤው ጭብጨባ ነው። ፕሬዚዳንቱ ተራቸው ደርሶ ወረቀታቸውን አቀረቡ።

«ቀን የለውም» አሉ እትዬ አስካለ።

አስተረጎምኩ። ሽማግሌው ወረቀታቸውን አዩ፣ ቀላ አሉ፣ ቀኑን ጻፉና በጸጥታ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄደው ቆሙ። ሊሳ የሳቀችው ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔም እየሳቅሁ ሳለ ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት እጄ ነካው።

ሰኞ ጠዋት ካዛንቺስ ስንደርስ ኮሪደሩ በባለጉዳይ ተሞልቷል። ዶክተር ይልማ መዝገብ ቤት በር ላይ ቆመው የእገዳውን ደብዳቤ ሰጧቸው። እትዬ አስካለ ጋቢያቸውን እንኳ ሳያወልቁ ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ይሄ ደብዳቤ ማህተም የለውም።»

«ማህተሙ እርስዎ አንገት ላይ ነው እኮ!»

«ለዚህ ነዋ የሌለው።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ወደ ጠረጴዛቸው ሄደው ወረቀቱን ዘረጉ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ቁጥር አለው» አሉ፣ በጣታቸው ነክተው። «ቀን አለው። የዛሬ ነው፣ ጎሽ። ፊርማ አለው።» ከረጢቷን ከፈቱ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሲገባኝ «እትዬ፣ ይተዉት» ብዬ እጃቸውን ልይዝ ነበር። «ሃህ» አሉበት፤ ሙሉ ክብደታቸውን ጣሉበት፤ የራሳቸውን እገዳ ድም አድርገው መቱት። ከዚያ አንዱን ቅጂ የግል ፋይላቸው ውስጥ አስገቡ፣ ጌታሁንን፣ ሙላትንና እኔን ጠርተው አስፈረሙን፣ ማህተሙን አስረከቡ። በሩን ሲወጡ አንገታቸው ባዶ ነበር። እንደዚያ አይቻቸው አላውቅም፤ በጣም አነሱብኝ፣ በጣምም አፈርኩ።

ከሦስት ቀን በኋላ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ዶክተር ይልማ ናቸው፣ አቶ ሙላት አባል፣ ጌታሁን ጸሐፊ። እኔ እንደ ልውውጡ አስተባባሪ ተገኝቼ ጥግ ይዣለሁ። ጌታሁን የእትዬ አስካለን ጽሑፍ አነበበ። ግማሽ ገጽ ነው። ምን ሆነ፦ ማህተሙ ፊንላንድ ደርሶ ተመለሰ። ለምን ሆነ፦ ሦስተኛው ፈራሚ ስላልተገኘ ርክክቡ አልተፈጸመም። እንዳይደገም፦ ለእያንዳንዱ ፈራሚ ተተኪ ይሰየም።

«ያልተገኘው ፈራሚ ማነው?» አሉ ዶክተር ይልማ።

«ስሕተቱ ተጽፏል። ስም አልተጻፈም።»

«ይናገሩ እንግዲህ።»

«ለሥልጠና ልካችሁኝ የለም እንዴ? ሠልጥኜ የመጣሁት ይሄንን ነው።»

ጌታሁን ጣራ ጣራ አየ። ሙላት ጫማውን አየ። ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም የእኔን አፍ እየጠበቁ ነው። ዶክተር ይልማ ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። «ስም ከሌለ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ነው። ወደ ውሳኔ እንሂድ።» እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም። እጃቸው ግን ባዶ አንገታቸው ላይ ከረጢቷን ይፈልግ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሠሩበት ጡረታ በእኔ ካፖርት ሊሄድ ነው።

ተነሣሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑ?»

«ሦስተኛዋ ፈራሚ እኔ ነኝ። ጠብቀውኝ የቀረሁት እኔ ነኝ።»

«የት ነበርሽ?»

የሚያምር ምክንያት ፈለግሁ፣ አጣሁ። «ሜክሲኮ፣ ካፖርት እየለካሁ።»

«ስንት ሰዓት ሙሉ?»

«ቀዩና ጥቁሩ እኩል ቆንጆ ነበሩ፣ ዶክተር።»

መጀመሪያ የፈነዳው ሙላት ነው። ጌታሁን ቃለ ጉባኤው ላይ ተደፍቶ ተንፈቀፈቀ። እትዬ አስካለ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ብቻ ይርገበገባል። ዶክተር ይልማ ፊታቸውን ለማኮሳተር ብዙ ታገሉ፤ አልቻሉም፣ እሳቸውም ሳቁ። ሳቅ ካመለጠ በኋላ ሰው ማባረር ይከብዳል። ደግሞም ሊሳ በልውውጡ ተራዋ በሳምንቱ ልትመጣ ነው፣ የምትቀመጠው መዝገብ ቤት ነው፤ እትዬ አስካለ የት ሄዱ ብትል ምን ሊባል? ሙላትም ይህንኑ አነሣ። እገዳው ተነሥቶ ለሁለታችንም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠን ተብሎ ተወሰነ።

ማስጠንቀቂያው ማህተም ያስፈልገዋል። ስለዚህ ማህተሙ በሦስት ፈራሚ ወደ እትዬ አስካለ ተመለሰ፤ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። የራሳቸውን መጀመሪያ መቱት። የእኔን ሲያነሡ ቀና ብለው አዩኝ።

«ያንን ወረቀት ኪስሽ ውስጥ እንዳየሁት ታውቂያለሽ? ካፖርትሽን ስሰቅልልሽ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉና «ሃህ» አሉ። «ጠጋ በይ። አትፍሪ፣ አይቀባሽም።» ድም!

ሊሳ መጥታ ሁለት ሳምንት አጠገባቸው ተቀመጠች። ቆሞ መምታትን ተማረች፣ እትዬ አስካለም ስም የሌለበት የስሕተት ደብተር ከፈቱ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው የካፖርቱ ታሪክ ነው፤ ካፖርቱ ተጽፏል፣ እኔ የለሁበትም። ሦስቱን ዓመት ጨርሰው በክብር ጡረታ ወጡ። ዶክተር ይልማ በሽኝታቸው ላይ ንግግር አደረጉ። የንግግሩ ወረቀት ቀን ነበረው።

ዛሬ ጠዋት የሕይወት ታሪኩን ይዤ፣ ዩኒቨርሲቲው ወደ ተዛወረበት ወደ ጎተራ ሄድኩ። ጌታሁንን እዚያ ቀጥሬው ነበር። ስልኩን ከፍቶ ሊሳ የላከችውን የሐዘን ደብዳቤ ፎቶ አሳየኝ፤ በእጅ የተጻፈ ነው፣ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ከሥሩ የድንች ማህተም በማርማላታ ተመትቶበታል። ሁለታችንም ያለቀስነውና የሳቅነው እኩል ነበር።

መዝገብ ቤት ያለችው እትዬ አስካለ ያሠለጠኗት ሜሮን ናት። ከረጢቷ አሁን እሷ አንገት ላይ ናት። ገጹን ሰጠኋትና «ይመታልን» አልኳት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ቁጥር የለውም።»

«ሜሮን፣ የሕይወት ታሪክ ነው እኮ።»

«ማህተም የሌለው ደብዳቤ...» አለች፤ ቀሪውን ሦስታችንም አብረን ጨረስነው። የወጪ መዝገቡን ከፍታ ቁጥር ሰጠችው፣ ቀን ጻፈችበት። «ጉዳዩስ ምን ይባል?»

«‹የወይዘሮ አስካለን ርክክብ ይመለከታል› በይ» አለ ጌታሁን።

ጻፈች። ከሥሩ ሦስት መስመር አሰመረች። ጌታሁን ፈረመ፣ ሜሮን ፈረመች። ሦስተኛው መስመር ላይ ስሜን ሙሉ አድርጌ ጻፍኩና ፈረምኩ። ሜሮን ተነሣች፣ «ሃህ» አለችበት፣ ሙሉ ክብደቷን ጣለችበት። ድምፁ ኮሪደሩን ሞላው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ፤ ለቀብሩ ገና ሁለት ሰዓት ነበረን።